አጥንት መጣያው ሲጾም

የአክስቴ ቤት ከሥጋ ቤቶቹ ቁልቁል ነው። ጎንደር ውስጥ ቁልቁል መኖር ማለት ከላይ ያሉ ሰዎች ያልፈለጉትን ሁሉ መቀበል ማለት ነው፤ እጣቢያቸውም፣ ጎርፋቸውም፣ የሞተ ድመታቸውም በእኛ ደጅ ያልፋል። ከአጥራችን ማዶ ያለው ገደል ደግሞ አጥንት መጣያቸው ነው። ከደባርቅ መጥቼ፣ ከተማው ውስጥ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ፣ አክስቴ ዘንድ ጓዜን ያስገባሁ ዕለት ንጹሕ አየር ልሳብ ብዬ የጓሮውን መስኮት ከፈትሁ። ፊት ለፊቴ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ቆሟል። መላጣ ራሱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ፣ ጉሮሮው ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት እያወዛወዘ፣ የበሬ አንጀት በመንቁሩ እንዳንጠለጠለ አየኝ። መስኮቱን መልሼ ዘጋሁት።

እኔ ቆሻሻ የማልችል ሰው ነኝ። ብርጭቆ ሁለት ጊዜ ሳላጥብ ውኃ አልጠጣም። አክስቴ ይህን እንደ በሽታ ነው የምታየው። "አንቺ ልጅ፣ ምነው ዓለሙን ሁሉ በሳሙና ካላጠብሁ አልሽ?" ትለኛለች። የሚገርመው ግን፣ የሚያስጠላኝን ነገር ከማየት ራሴን መከልከል አልችልም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፣ ያንገሸግሸኛል፣ እንደገና አያለሁ። የገደሉን ሥርዓት የተማርሁት እንዲህ ሳልፈልግ ነው።

ጎሕ ሲቀድ ውሾች ይመጣሉ፤ ባለቤት ያለውም የሌለውም። ቀጥሎ ማጅራታቸው ላይ ነጭ ያለባቸው፣ መንቁራቸው መዶሻ የሚያህል ቁራዎች ከውሾቹ አፍ ሥር መስረቅ ይጀምራሉ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጥንብ አንሳዎቹ ከሰማይ እየዞሩ ይወርዳሉ፤ ያን ጊዜ ገደሉ የጠብ ሜዳ ይሆናል። ክንፍ ይዘረጋል፣ አንገት ይሰገጋል፣ ውሻ ያላዝናል። ጭልፊቶቹ መሬት ሳይነኩ ሞጭልፈው ይሄዳሉ። አባ ኮዳ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሳይጣላ ድርሻው የሚደርሰው እሱ ብቻ ነው። የተረፈው ላይ ዝንብ ይሰፍርበታል። ሲመሽ ጅቦች መጥተው ማንም ያልቻለውን አጥንት ይሰብራሉ፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ መንገዱ ላይ የማገኘው የጅብ አር ከአጥንት ብዛት የተነሣ ኖራ የመሰለ ነጭ ነው። ሁሉም የሌላውን ትራፊ ይበላል፣ ሁሉም ሌላውን ይጠላል፣ ግን አንዱም ተራውን አይስትም። ይኼ ደግሞ ይበልጥ ያስጠላኝ ነበር።

አክስቴ ገደሉን ትመርቀዋለች። "እነዚህ ባይኖሩ ግማቱ ይፈጀን ነበር" ትላለች። ትልቁ ምክንያቷ ግን አህያዋ ናት። አክስቴ ሸክላ ነጋዴ ናት፤ ወለቃ መንደር ካሉት ሸክላ ሠሪዎች ድስትና ጀበና ተረክባ፣ በጭድ ጠቅልላ፣ በአህያዋ ጭና ቅዳሜ ገበያ ታወርዳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዚያች አህያ ጀርባ ነው። አህያዋም ሸክም የምታውቅ ነበረች፤ ኮረኮንች ላይ ስትደርስ እግሯን እያሰበች ነበር የምታስቀምጠው። "ጅቡ እዚያ አጥንቱን እስካገኘ ድረስ የኔን ልጅ አይመኛትም" ትለኛለች አክስቴ። የኔ ልጅ የምትለው አህያዋን ነው። እኔን "አንቺ ልጅ" ብቻ ነው የምትለኝ።

የቅበላ ሰሞን ከተማው ሁሉ ነገ ዓለም የሚያልፍ ይመስል ሥጋ ቤት ተሰለፈ። የሥጋ ቤቶቹን አጥንት በእጅ ጋሪ እያመጡ ገደሉ ውስጥ የሚደፉት ሽማግሌ ጎረቤታችን ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ ዋሉ። ገደሉ ሞልቶ አፉ ድረስ መጣ። ግማቱ ልብሴ ውስጥ፣ ፀጉሬ ውስጥ፣ የምበላው እንጀራ ውስጥ ገባ። ሁዳዴን እንደዚያ ዓመት ናፍቄ አላውቅም።

ሁዳዴም ገባ፤ ሥጋ ቤቶቹ ተዘጉ። አጥንቱ ከቀን ወደ ቀን እያለቀ ሄዶ ገደሉ ባዶ ድንጋይ ሆነ። ጥንብ አንሳዎቹ ወደ ገጠር ሄዱ መሰለኝ ጠፉ፤ አባ ኮዳም ጠፋ። መስኮቴን ከፈትሁ። የባሕር ዛፍ ሽታ ገባ። ጾም ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለአፍንጫም የተሠራ ነገር ነው ብዬ ለአክስቴ ነገርኋት፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። መሄድ የቻለው ሄደ፤ መሄድ ያልቻለው መብሉን ቀየረ። ጭልፊቶቹ ጫጩት መንጠቅ ጀመሩ። ቁራዎቹ ጎረቤት ያሰጣችውን ምስር እየፈነጩ በሉባት። የሰፈር ውሾች ሰው ከአጥር ሥር የተጸዳዳበትን ሲልሱ አየሁ፤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። የእኛም ውሻ ከሳ። ቅልጥም የለመደ ውሻ ነው፣ አሁን የሚቀርብለት ሽሮ የነካ እንጀራ ብቻ ነው። ያሸተዋል፣ ቀና ብሎ ያየናል፣ ቀስ ብሎ ይበላዋል። ጎድኑ እንደ አሮጌ ቅርጫት ወጣ። ማታ ማታ አህያዋ ጎን ተጠግቶ ይተኛል፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ የተኛው እዚያው ነው።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስጣደፍ መንገድ ላይ ለስላሳ ነገር ረገጥሁ። የጅብ አር ነበር፤ ነጭ ግን አይደለም። ጥቁር፣ እርጥብ፣ በጠጉር የታሸ። ጫማዬን ድንጋይ ላይ ስፈትግ ሽማግሌው ጎረቤት ሥራ ፈትተው ከበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

"አያ፣ ይኼ ምንድን ነው?" አልኋቸው።

ተነሡ፤ በምርኩዛቸው ፈተፈቱት። እኔ ፊቴን አዞርሁ።

"የአህያ ጠጉር ነዋ!" አሉ፣ ጨዋታ እንዳገኘ ሰው። "ከላይ ሰፈር የውኃ ነጋዴውን አህያ በልተውበታል አሉ። ምን ያርጉ? እኔም እንጀራዬ ቆመ፣ የእነሱም ቆመ። እኔ እንኳ ሽሮ እበላለሁ።"

ለአክስቴ ነገርኋት። ያን ማታ አህያዋን ቤት አስገባቻት።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። እኔን ከአህያዋ የሚለየኝ አበባ ያለበት መጋረጃ ነበር። አህያ ቤት ውስጥ ምን እንደምትመስል የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። ስትሸና የጣራ ውኃ የወረደ ይመስላል፤ ትንፋሿ ይሞቃል፣ ሆዷ ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል፣ ፋንድያዋ ጠዋት እንፋሎት ያወጣል። ቁንጫዋ መጋረጃ አያግደውም። እጄና አንገቴ ተዥጎረጎረ። መድኃኒት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወንበሯን ወዲያ ሳብ አደረገች፤ እኔ ነጭ ጋዎኔን ለብሼ የአህያ ሽንት እየሸተትሁ ለሰው የቆዳ ቅባት እሸጣለሁ። ማታ ገብቼ አኮረፍሁ፣ ተነጫነጭሁ፣ ቤት እቀይራለሁ ብዬ ዛትሁ።

"አንቺ አፍንጫሽን ያዢ፣ እኔ እሷን ልያዝ" አለችኝ አክስቴ። "ፋሲካ ሲደርስ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል።"

ልክ ነበረች። ፋሲካ እስኪደርስ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። የማርያም ማኅበር ባይደርስባት ኖሮ አህያዋን ይዛ ትሻገር ነበር።

የማኅበሩ ተራ የእሷ ነበር፤ ጽዋው ወደ ቤቷ ይመጣል። ከማኅበርተኞቹ ጋር ደግሞ የነፍስ አባቷ መጥተው ጸሎት ያደርሳሉ፣ ጠበል ይረጫሉ። አህያ እርም ናት፤ ቄስ ጸሎት በሚያደርሱበት ቤት፣ የማርያም ጽዋ በሚቀመጥበት ቤት አህያ አታድርም። ይህን እኔ አላልሁም፤ እኔ ዝም ነው ያልሁት፣ በልቤ ግን እልል ብያለሁ። አክስቴ ራሷ አህያዋን አውጥታ ጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ችካል መትታ አሰረቻት። "ለዛሬ ብቻ ነው፤ ማኅበርተኛው ሲወጣ አስገባታለሁ" አለች። ከዚያ ወለሉን ጠረግን፣ ፋንድያውን አውጥተን ጣልን፣ ወለሉን ደግሞ በላም እበት ለቀለቅነው። የአህያዋ ቆሻሻ ሆኖ የላሟ ጽዳት የሆነበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም።

በሁዳዴ ቅዳሴ የሚያልቀው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ሰዎቹ የገቡት ፀሐይ ካዘቀዘቀች ነው። ሽሮው፣ ባቄላው፣ ጠላው ቀረበ። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው ጠበል ሲረጩ ወደ መጋረጃው ጥግ ደረሱና አንድ ጊዜ አፍንጫቸውን ሸብሸብ አደረጉ።  አክስቴ በሐፍረት መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር። በኋላ ሰዎቹ ሲሸኙ አንዲት አሮጊት ማኅበርተኛ ዳገቱን በጨለማ መውጣት አልችልም አሉ። እንግዳ ናቸው፤ የደከሙ እናት ናቸው። አክስቴ የጸዳው ቦታ ላይ፣ አህያዋ ትተኛበት የነበረው ጥግ ላይ ቁርበት አነጠፈችላቸው። በር ላይ ቆማ ወደ ጓሮ ስታይ ቆየች። እንግዳ ራስጌ አህያ አትታሰርም። ውሻው አጠገቧ እንዳለ አይታ በሩን ዘጋችው።

ሌሊት ውሻው ጮኸ፤ ሁልጊዜም ይጮኻል። ከዚያ ዝም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቁንጫ ስለተኛሁ አልነቃሁም።

ጠዋት ችካሉ አለ፣ ገመዱ አለ፣ አህያዋ የለችም። ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን አልጽፈውም። በአጥሩ ቀዳዳ አልፎ እስከ ገደሉ የሚወርድ የተጎተተ ደም ነበር። አክስቴ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ቆመች፤ እኔ ነኝ የወረድሁት።

ገደሉ እንደ ቅበላው ሞልቷል። ከየት እንደ ሰሙ እንጃ፣ የጠፉት ሁሉ መጥተዋል። ጅቦቹ የሚፈልጉትን ወስደው ሄደዋል። ቁራዎቹ የአህያዋን ዓይን ጨርሰዋል። ጥንብ አንሳዎቹ ክንፋቸውን እንደ እርጥብ ጆንያ ዘርግተው ይራገጣሉ፤ አንዱ አንገቱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ሲያወጣው ቀይ ነው። አባ ኮዳ እዚያው የድሮ ቦታው ላይ ቆሟል። ዝንቡ አፌ ውስጥ ገባ። ድንጋይ ወረወርሁ፤ አንዱም ቦታውን አለቀቀም። ሽማግሌው ጎረቤት ከላይ ሆነው "ተይ አንቺ፣ እነሱ ካልበሏት እኔ ነኝ የምቀብራት" አሉኝ። እሳቸውንም ጠላኋቸው።

ያን ጊዜ ከአህያዋ ሆድ ውስጥ አንድ የውሻ ጅራት ሲወዛወዝ አየሁ። እንስሳው ወደ ኋላ ተጎትቶ ወጣ፤ አፉ፣ ግንባሩ፣ ጆሮው ደም ነው። የእኛ ውሻ ነበር። አየኝና ጅራቱን ቆላልኝ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። አጥሩ ሥር አስመለስሁ። ኋላ እሱም መጣ፤ ሆዱ ተነፍቶ፣ እየተወላከፈ። አህያዋ ታስራ በነበረችበት ቦታ ዞር ዞር አለና፣ አግስቶ፣ ልክ እንደ ወትሮው ተጠቅልሎ ተኛ። በሩ አጠገብ የነበረውን የሙቀጫ ዘነዘና አነሣሁ። ልገድለው ነበር፤ ይህን ስል አላጋነንሁም። ጎኗ ተኝቶ ያደገ፣ በክረምት በሰውነቷ የሞቀ ፍጥረት!

አክስቴ ዘነዘናውን ከእጄ ወሰደችው።

"ምነው ትመቺዋለሽ? እኛ ጾምን፤ እሱን ማን ጠየቀው?"

"እሷን እኮ ነው የበላው!" አልኋት።

ወደ ውሻው ሆድ ለረጅም ጊዜ አየች። እንባዋ ያኔ ነው የመጣው።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ከእሷ ለእኛ የቀረን እሱ ሆድ ውስጥ ያለው ነው። ተይው።"

ከማኅበሩ የተረፈ እንጀራ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት። ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

ቅዳሜ ሲደርስ ድስቶቹን በገመድ አስራ በጀርባዋ አዘለች። ጎንበስ ብላ ተነሣች፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁት። ሥራ ቀርቼ ጀበናዎቹን እኔ ተሸከምሁ። ጭዱ አንገቴን ይወጋኛል፣ ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል፣ ጭዱ አሁንም አህያዋን አህያዋን ይሸታል፤ ያን ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተጸየፍሁትም። ውሻው አህያዋ ትሄድበት በነበረው መንገድ ከፊታችን ቀድሞ እየዘለለ ይሄዳል። ጠጉሩ አብረቅርቋል፣ ጎድኑ አይታይም። ከሦስታችን የጠገበው እሱ ብቻ ነበር።