መርዶ የደበቅኩበት ሸለቆ

እሑድ፣ ከቂርያት ጋት፣ እስራኤል

ታላቅ እህቴን ፈንታነሽን ይዤ ከቤት የወጣሁት ላሳርፋት ብዬ ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አባታችን አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ የምታጥባቸው፣ የምታጎርሳቸው፣ ጎናቸው እንዳይቆስል የምትገለብጣቸው እሷ ናት። እኔ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ማሽን ላይ ቆሜ እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ብቅ ብዬ "እንዴት ዋሉ?" እላለሁ፤ ሻይ ጠጥቼ ካርሜ ጋት ሰፈር ወዳለው ቤቴ እገባለሁ። በዚህም ጥሩ ልጅ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ፋብሪካው ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ኦስትሪያ ተራሮች ላይ በእግሩ ሲሄድ የከረመበትን ፎቶ አሳየኝ። አረንጓዴ ሸለቆ፣ በላዩ በረዶ። እህቴን እዚያ ወስጄ ለአንድ ሳምንት ማንንም ሳትገለብጥ እንድትተኛ አደርጋለሁ አልኩ። እሷ ግን ወሩን ሙሉ ስትከራከረኝ ቆየች።

"አባባን ማን ይይዛቸዋል?"

"ራሔል አለች።" ራሔል ባለቤቴ ናት።

"ራሔል ትራስ ከፍ ማድረግ ትረሳለች።"

በመጨረሻ ያስፈቀዷት አባባ ራሳቸው ናቸው። "ሂጂ፣ ተራራ እይ። እኔ እንደሆን የትም አልሄድ" አሏት። ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። ባቡር ውስጥ እስክንገባ ድረስ ሦስት ጊዜ ደወለችላቸው።

ሰኞና ማክሰኞ፣ ሸለቆው

ከቪየና በባቡር ግማሽ ቀን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ጠመዝማዛ መንገድ ወጥተን ያረፍንባት መንደር በሁለት ተራራ መካከል ተወትፋለች። ፀሐይ የምትደርስባት ረፋድ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ትሸሻለች። መሐሉን የሚያልፈው ወንዝ ከበረዶው ሥር ስለሚመጣ ገብስ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። መንገዱ እንዳይጠፋ ድንጋዮቹ ላይ ቀይና ነጭ ቀለም ቀብተዋል፤ በየመታጠፊያው ደግሞ የእንጨት መስቀል ተክለዋል። እኛ አይሁድ ነንና፣ ፈንታ መስቀሎቹ ጋ ስትደርስ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ታልፋለች።

ምግባችንን ከቤት ይዘን ነበር የሄድነው፤ ቱና፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ ቆሎ። የእነሱን ማብሰያ ስለማናምን የምንገዛው ሻይ ብቻ ነው፤ እሱም አንዱ ስኒ አምስት ዩሮ። "በዚህ ዋጋ ላሚቱንም ይስጡን እንጂ" አለች ፈንታ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት።

እንቅልፍ ግን አልሆነላትም። ንጋት ላይ ስነቃ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። "አባባን የምገለብጥበት ሰዓት ነው" አለችኝ፤ እጇ ብርድ ልብሱን እንደያዘ ነው። ይቺ ሴት አንድ ሳምንት ሳይሆን አንድ ዓመት ዕረፍት ያስፈልጋታል አልኩ።

ረቡዕ፣ ከላይ ያለው ቤት

ጠዋት ተነሥተን እስከ እኩለ ቀን ወጣን። ዛፉ አልቆ ድንጋይና ሣር ብቻ በቀረበት ቦታ ለመንገደኛ ማረፊያ የሠሩት የእንጨት ቤት አለ። ባለቤቲቱ ጉንጫቸው የቀላ አሮጊት ናቸው፤ ፈንታ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ስትታጠቅ አይተው እየጠቆሙ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ሲግባቡ ትቻቸው በረንዳ ላይ ወጣሁ። ስልክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው።

ወዲያው ጠራ። አጎታችን አቶ ታረቀኝ፣ የአባባ ታናሽ ወንድም፣ የቤተሰቡ ሽማግሌ ናቸው።

"ደሳለኝ፣ ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ፣ አጎቴ።"

"አባትህ አርፈዋል። ዛሬ ጠዋት። ራሔል ውሃ እያጠጣቻቸው ነው፤ አልተሠቃዩም።"

የበረንዳውን እንጨት ያዝኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

"ስማኝ ልጄ። ፈንታ እንዳትሰማ። ግፊት አለባት። በሰው አገር፣ ገደል አፋፍ ላይ መርዶ አይነገርም። ማን ይይዛታል? ይዘሃት ና። ዓርብ ጠዋት፣ ሰንበት ሳይገባ እንቀብራቸዋለን። ለእናንተ ስንል ያቆየነው እስከዚያ ነው፤ ከዚያ በላይ የቀብር ኃላፊዎቹ አይፈቅዱልንም።"

"ምን ብዬ ላምጣት?"

"ሰበብ አታጣም" ብለው ዘጉት።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ጭራሽ። ሰውየው ቤቱ ይገባል፣ ይበላል፣ ያድራል፤ ሲነጋ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይይዙታል፣ ያኔ ይነገረዋል። ጎንደርም እንዲህ ነበር፤ እስራኤል ገብተንም አልተውነውም። ስለዚህ ልንገራት ወይስ አልንገራት የሚል ጥያቄ በዚያች ሰዓት አልመጣብኝም። ያሳሰበኝ ሐሙስ ማታ ያለው አውሮፕላን ላይ እንዴት እንደማሳፍራት ነው።

ገባሁና ሻይ ከያዘችው ከፈንታ አጠገብ ተቀመጥኩ። "እታለም፣ ደረቴን ያዘኝ" አልኳት። "አገራችን ብንገባ ይሻለኛል።"

ስኒውን አስቀመጠች። ፊቷ ተለወጠ። እንዲያ ትደነግጣለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ቁልቁለቱ

የእኔንም ቦርሳ የራሷንም እሷ ተሸከመች። ዝናብ ጀመረ፤ ድንጋዩ እንደ ሳሙና ሆነ። በየአሥር እርምጃው ዞራ "ተቀመጥ፣ ተንፍስ" ትለኛለች። አባቷ ሞተው እሷ እኔን ታስታምማለች። አንዴ ድጋፍ እንዲሆነኝ እጇን ስትሰጠኝ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከሥራችን ያለውን ገደል አይቼ መልሼ ዘጋሁት።

አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስንደርስ ዕቅዴ የተሳካ መስሎኝ ነበር። ፈንታ ግን ፌርማታውን አልፋ ሄደች። መጀመሪያ ያገኘቻትን ሴት በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ዶክተር! ዶክተር!" አለቻት።

"እታለም፣ አገራችን እታከማለሁ አልኩሽ እኮ።"

"አውሮፕላን ላይ ብትሞትብኝስ?"

የመንደሩ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ክንዴን አስራ ለካች፤ ደግማ ለካች። ግፊቴ እንዳልሆነ ሆኗል፤ ልቤ ይሮጣል። ማስመሰሉን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ የቀረውን ሰውነቴ ሠራው። አባቴ ሞተዋል፣ አላለቀስኩም፣ ሦስት ሰዓት ቁልቁለት ወርጃለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ይሁን?

ሐኪሟ "ዛሬ ያስደነገጠህ ነገር አለ?" ስትል ጠየቀችኝ።

ፈንታ ቀድማኝ መለሰች። "ምንም የለም። ላይ ቤት ሆነን እየሳቅን ነበር።"

አምቡላንስ ጠርተው ከሸለቆው በታች ወዳለችው ከተማ ሆስፒታል፣ በዕብራይስጥ ቤት ሖሊም ወደምንለው፣ ላኩኝ።

ሐሙስ፣ ሆስፒታል

ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው አሳደሩኝ። ጠዋት "ደህና ነኝ፣ ፈርሜ ልውጣ" ብል ሐኪሞቹ ሳይሆኑ እህቴ እምቢ አለች። "ሬሳህን ይዤ ሄጄ ለአባባ ምን ልበላቸው?" አለች።

እሷ በየመሐሉ ቤት ትደውላለች። ራሔል ታነሣና "ተኝተዋል" ትላታለች፤ "አሁን ገና በሉ" ትላታለች። "ዛሬስ ትራሱን ከፍ አድርጋለች" አለችኝ ፈንታ፣ ደስ ብሏት።

ሽንት ቤት ገብቼ አጎቴ ጋ ደወልኩ።

"ልንገራት፣ አጎቴ። በእኔ ምክንያት አንነሣም አለች።"

"ቤት ሖሊም ውስጥ፣ በፈረንጅ መሐል? ወድቃ ብትቀርስ ማን ዓይኗን ያብሳል? አንተ የታመምክ መስለህ የተኛህ ነህ። ዝም በል።"

"ቀብሩ ያመልጣታል።"

"ቀብር ያለፈው ሰው አለ፤ መርዶ የገደለው ሰውም አለ" አሉኝ። ድምፃቸው ደክሟል፤ ወንድማቸው ነው የሞተው። አልተከራከርኳቸውም።

ማታ አውሮፕላኑ ያለ እኛ ሄደ። ፈንታ ኮሪደሩ ላይ ያለው ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። በበሩ መስታወት አያታለሁ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ዓርብና ሰንበት

ዓርብ ጠዋት "ድንጋጤ ነው፤ ዕረፍት ያስፈልገዋል" ብለው ለቀቁኝ። የቀብሩን ሰዓት አውቀዋለሁ። በዚያው ሰዓት ፈንታ ሱቅ ውስጥ ነበረች። ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ካልሲ አንሥታ በጉንጯ ትዳስሳለች።

"እግራቸውን ይበርዳቸዋል። ይሆናቸዋል?"

"ይሆናቸዋል" አልኳት።

ከዚያ ወጥቼ መንገድ ላይ አስመለሰኝ። እሷ ጀርባዬን ትደግፈኛለች፤ አላፊ አግዳሚው ያየናል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ሰንበትን የተከራየናት ጠባብ ክፍል ውስጥ ዋልን። ፈንታ በሰንበት ስልክ ስለማትነካ ራሔል መዋሸት አላስፈለጋትም። ከመስኮቱ ተራራው ይታያል፤ ጫፉን ጉም ውጦታል። እህቴ "ቆንጆ አገር ነው፤ ግን ሰው አይውልበትም" አለች።

እሑድ፣ መመለስ

አጎቴ ሁሉን አሰናድተዋል። ከባቡር ጣቢያው በታክሲ በቀጥታ ካርሜ ጋት እኔ ቤት እናስገባታለን፤ ትበላለች፣ ታድራለች፤ ሲነጋ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ፈንታ ግን ታክሲው ውስጥ ገብታ የአባባን መንገድ ለሹፌሩ በዕብራይስጥ ነገረችው።

"መጀመሪያ እኔ ቤት እንብላ" አልኩ።

"ሳላያቸው እህል አይወርድልኝም።"

ታክሲው አሮጌው ሕንፃ በር ላይ ቆመ። ካልሲውን ይዛ ቀድማኝ ወረደች። መግቢያው ግድግዳ ላይ፣ የፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ፣ ጥቁር ፍሬም ያለው ወረቀት ተለጥፏል። እዚህ አገር ሰው ሲሞት እንዲህ ይለጠፋል፤ ስም፣ የቀብር ቀን፣ ቤተሰቡ ለቅሶ የተቀመጠበት አድራሻ። ያን ያህል ሰው ያን ያህል ቀን ተማክሮ ዋሽቶ ይህን ወረቀት የሚያነሣ አንድ ሰው ጠፋ። ያላጠቡልን ያልቀበሩልንም ጎረቤቶች እንኳ ከእህቴ ቀድመው አንብበውታል።

ፈንታ ቆማ አነበበችው። በጣቷ የአባታችንን ስም ከቀኝ ወደ ግራ ሄደችበት።

"መቼ ሰማህ?"

"ረቡዕ።"

"ላይ ቤት?"

"ላይ ቤት።"

አልጮኸችም። ደረጃውን ብቻዋን ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ በሩ ሲከፈት ሰማሁ፤ ከዚያ የሴቶቹ ዋይታ። የሚይዛት ሰው ሞልቶ ነበር።

ከጉዞው በኋላ

የሰባት ቀኑ ለቅሶ፣ ሺቭዓው፣ እስኪያልቅ አጠገቤ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አላናገረችኝም። አጎቴ "ለአንቺ ብለን ነው፣ ልጄ" አሏት፤ ለታላቅ መልስ ስለማትሰጥ አንገቷን ደፋች። እኔን ግን ቀና ብላም አላየችኝ።

ጉዞው ምን አስተማረህ ብትሉኝ፣ ባህላችንን አልሰድብም። አባቶቻችን መርዶን የደበቁት ለሰው ሳስተው ነው። ግን ያኔ መንገደኛ ሲመለስ ቀብሩ ድሮ አልፏል፤ የሚያጣው ነገር አልነበረም። እኛ ሁለት ቀን ነበረን። ዛሬ ቢሆን እዚያው ላይ ቤት፣ አሮጊቷ አጠገብ አስቀምጬ እነግራት ነበር። ማን ይይዛታል ለሚለው፣ እኔ አለሁ። ወንድሟ ነኝ፤ ሁለት እጅ አለኝ።

በመጨረሻው ቀን ሰው ሁሉ ሲበተን እህቴ ስሜን ጠራች።

"ደሴ፣ ልብህ እውነት ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ እታለም።"

"ቤት ሖሊም ኮሪደር ላይ ፈጣሪን ምን ብዬ እንደለመንኩ ታውቃለህ?" አለችኝ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። "ከሁለቱ አንዱን ከወሰድክ አባባን ውሰድ አልኩት። እሳቸው ዕድሜ ጠግበዋል፤ ወንድሜን ተውልኝ አልኩት።"

"እታለም፣ ያኔ እኮ ሞተው ነበር" አልኳት።

"እኔ ግን አላውቅም ነበር" አለችኝ።