ቬትናም ድረስ ሄጄ «ቻይ» ተባልኩ

ቆይ፣ መጀመሪያ ሳቄ ይለቀኝ! ዋናው ጉድ መጨረሻው ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ ሰላም «ቬትናምን ላስጎብኝሽ» ብላ ስትወስደኝ ሁዳዴ ነበር። የሰበታው ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ «እዚያማ ጾምሽን ሳትገድፊ አትመለሺም!» ብለው አሾፉብኝ። እኔም ጠኔ ይጥለኛል እንጂ አልገድፍም ብዬ ማልኩ።

አስጎብኚያችን ጥንታዊ ከተሞቻቸውን ስታዞረን ሰንብታ አንድ ቀን በጀልባ ወንዝ ላይ ወሰደችን። ግራ ቀኙ ከውሃው የበቀለ የሚመስል ተራራ ነው፤ ውበቱ ሌላ! እኔ ግን ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ሆዴ ይጮሃል። ምሳ ሲደርስ ሰላም ፎቶ ልታነሳ ወደ ጀልባዋ ጫፍ ሄደች። ምግብ አብሳይዋ ሥጋ የሚመስል ጥብስ ይዛ መጣችና ጎንበስ ብላ «ቻይ!» አለችኝ።

በአማርኛ! ደነገጥኩ። «እችላለሁ እንጂ እህቴ፤ አልነካውም!» ብዬ ሳህኑን ገፋሁት። መልሳ አስጠጋችው፤ «ቻይ! ቻይ!»

«ችያለሁ አልኩሽ እኮ! ቻይ እያልሽኝ ደግሞ አፍንጫዬ ሥር የምታደርጊው ለምንድነው?»

ግራ ሲገባት ሳህኑን አንስታ አጠገቤ ለተቀመጠው ፈረንጅ ሰጠችው። ጠራርጎ በላው። ፈተናውን አለፍኩ ብዬ ስኩራራ ሰላም ተመለሰች። አስጎብኚዋ የሆነውን ስትነግራት በሳቅ ወለሉ ላይ ተዘረረች።

«አክስትዬ፣ ‹ቻይ› ማለት በእነሱ ቋንቋ የጾም ምግብ ማለት ነው! የአኩሪ አተር ጥብስ ነው ያመጣችልሽ። አሁን ግን ፈረንጁ ስለጨረሰው፣ በእኛ ቋንቋ ቻይ!»