መንግሥት ዋስ የሆነለት ላምባ

በዚህ ነገር የገባነው አራት ነን። አንደኛው እኔ፣ ማንበብ መጻፍ በራሴ ጥረት የተማርሁ የፒያሳ ቸርቻሪ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ፤ የምንኖርበትን ቤት ካባቷ የወረሰች። ሦስተኛው ታላቅ ወንድሟ፣ ውሸት የማያውቅ የድብ ባሕር ገበሬ። አራተኛው የባንኩ ሹም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ አንድ የላምባ ኩባንያ በደባርቅ መንገድ ወኪል ፈለገ። ውክልናው በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ እኔ ደግሞ ገንዘብ አልነበረኝም። ባንኩ ቤታችንን በመያዣነት ይዞ አበደረኝ። ሹሙ ውሉን ሲያነብ፣ "ለብድሩ መንግሥት ዋስ ነው" አለ።

ምስክር ሆኖ የመጣው የባለቤቴ ወንድም ደስ አለው። "ሸጋ! እንዲህ ያለ ዋስ ማን አግኝቶ!"

በዚያው መንገድ ያለውን የድብ ባሕርን ሽያጭ ለሱ ሰጠሁት። ክረምቱ ሲወጣ ሂሳብ ልቀበል ሄድሁ። በርሜሎቹ ባዶ ናቸው።

"ገንዘቡስ?" አልሁት።

"የምን ገንዘብ? ዋስ እንዳለህ ለገበሬዎቹ ነገርኋቸው፤ ላምባውን ወሰዱ።"

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። አይቀልድም። ገበያው መሀል ቆሜ ገንዘቤን ክፈሉኝ እያልሁ ጮህሁ።

አንድ ሽማግሌ፣ "ምነው አንተ ሰው?" አሉኝ። "ዋስ የሆንሁለት ጎረቤቴ ሲከዳ በሬ የተነዳው ከኔ በረት ነው። እሱን ማን ጠየቀው? አንተም ዋስህን ያዝ።"

አንዲት ሴት ቀጠለች፤ "የዋሱ ግምጃ ቤት ሞልቶ፣ አያ ነጋዴ የኔን ኩራዝ ሊገለብጥ መጣ!" ገበያው ሳቀ።

ሌቦች ቢሆኑ ባልደነገጥሁ። እውነታቸውን ነበር።

ሹሙ ዘንድ ሮጥሁ። "መንግሥት ዋስ የሆነው ለባንኩ ነው፤ እኛ እንዳንከስር። የእርስዎ ቤት ይሸጣል" አለኝ። ይህንንስ አውቅ ነበር። ውል የሚያነብ ሰው ለማያነበው ማስረዳት አለበት፤ እኔ ግን የባለቤቴ ወንድም የገባው መስሎኝ አላስረዳሁትም።

ሐራጁ ሳይደርስ የባለቤቴ ወንድም ጥማድ በሬዎቹን እየነዳ መጣ። "ወሬውን ያወራሁ እኔ፤ ዋሱም እኔ ነኝ።"

"አያ፣ አንዱን እንኳ አስቀር፤ ከጎረቤት ተቀናጅተህ ታርሳለህ" ብላ ባለቤቴ ለመነችው። እምቢ አለ። በሬዎቹ ተሸጡ፤ አልበቃም፤ ቤቱም ተሸጠ። ይህን ሲሰሙ የድብ ባሕር ሰዎች አፍረው ከየእህላቸው ሸጠው አዋጡ።

ቤቱ አንድ ሺህ ስምንት መቶ፣ በሬዎቹ መቶ ሃያ፣ የገበሬዎቹ መዋጮ ሰባ አራት፤ በጠቅላላው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ብር። የባንኩ ዕዳ በዚህ ተዘጋ።