ዝንጀሮ ነው ያልሁት ድምፅ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስርቆቴን ነግሬአለሁ፤ ስካሬን ነግሬአለሁ፤ መተማ ዮሐንስ ላይ ያሳለፍኋቸውን ሌሊቶች ነግሬአለሁ። ይህን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ምላሴ እዚህ ሲደርስ ይዞርና ሌላ ኃጢአት ያነሳል። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላየው ነው።

ውሻ አስሬ ገድያለሁ። መጀመሪያ ይህን እወቁት።

ውሻው የአያ ስንሻው ነበር። አያ ስንሻው ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርደው እዚሁ ቆላ የቀሩ፣ ከሸሕዲ ወጣ ብሎ ያለ የእርሻ ካምፕ የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጆቻቸው አይደውሉም። ቡችላውን ከቆመ ትራክተር ሥር አውጥተው አሳደጉትና ስሙን ማንአለኝ አሉት። በዚያ ዓመት አገሬ እገባለሁ ብለው ቆርጠው ነበር። "ገዳሙን ልሳለም፤ ከዚያ እኔና ማንአለኝ ወደ አገራችን ነን" ይሉን ነበር።

ለጥር ሥላሴ ንግሥ ወደ ገዳሙ በእግር ተነሳን፤ እኔ፣ አያ ስንሻው ከነውሻቸው፣ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ጥሩወርቅና ሌሎች ጥቂት ምእመናን። ሙቀቱ ሲበረታ ከዛፍ ሥር እናርፋለን፤ ሲመሽ በደረቅ ወንዝ ዳር እሾህ አጥረን እናድራለን። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ በኩል ጩኸት ይሰማል። አያ ስንሻው "ዝንጀሮ ነው። እንደ ውሻ ነው የሚጮህ፤ ለቆላ አዲስ የሆነ ሰው ይሳሳታል" ብለው አስተማሩን።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሲስተር ጋር ውኃ ልቀዳ ወደ ወንዙ ወረድሁ። አሸዋውን ቆፍሬ፣ የመነጨው ውኃ እስኪጠራ ቁጢጥ ብዬ ስጠብቅ ከቁጥቋጦው ከርከሮ ወጣ። ጥርሱን አየሁ፤ ሌላ ያየሁት የለም። ጀሪካኑን ጥዬ፣ ሲስተርን ገፍትሬ ጥዬ፣ ግራር ላይ ወጣሁ። ተከትሎን የወረደው ማንአለኝ ዘሎ መካከል ገባና ከርከሮውን እያዋከበ ከወንዙ ማዶ አሻገረው።

ሲስተር አሸዋውን ከቀሚሷ እያራገፈች ቀና ብላ አየችኝ። "ውረድ እንጂ ጀግናው! ሱሪህን ግን አውልቀህ ለማንአለኝ ስጠው፤ እሱ ይልበሰው!"

"ተይው ልጄን፤ ሙጫ እየለቀመልን ነው" አሉ ከሌሎቹ ጋር ሮጠው የደረሱት አያ ስንሻው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ እስከ እራት ተከተለኝ። እራት ላይ አንዱ ጎርሶ ሲያንቀው እንኳ "ግራሩ ላይ ውጣ!" አሉት። የግራሩ እሾህ መዳፌን በስቶኝ ስለነበር ማንአለኝ መጥቶ ደሙን ላሰልኝ። ያን ጊዜ ጠላሁት። በውሻ የቀና ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ከሰው ጋር ብጣላ ይቅር እንባባል ነበር፤ ውሻው ግን እንዳዋረደኝ እንኳ አያውቅም።

ገዳሙ ሲቃረብ ውሻውን የሚያስቀር ሰው አስፈለገ፤ ውሻ ወደ ገዳሙ ክልል አይገባምና። አያ ስንሻው እኔን ጠሩ። "ልጄ፣ አንተ እግርህ ቀልጣፋ ነው። ከኮረብታው ሥር እጣን ለቃሚዎች ሰፍረዋል። ሐሰን የሚባል የወሎ ሰው አለ፤ ደግ ነው። ስንመለስ እስክወስደው አደራ በልልኝ።" ሰንሰለቱንና አንድ ሙልሙል ዳቦ ሰጡኝ። ዳቦውን ሐሰንና ማንአለኝ እንዲካፈሉት ነበር።

ወደ ኮረብታው አልሄድሁም። ሰው ወደማይረግጠው ሸለቆ ወሰድሁትና ቅጠሉ ከረገፈ ዛፍ ጋር አሰርሁት። ዳቦውን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ በላሁ። ጅራቱን እየቆላ ጠበቀኝ። ፍርፋሪ እንኳ አልጣልሁለትም። ደክሞኝ ነበር ልበላችሁ? ሸለቆው ከኮረብታው ይልቅ ይርቅ ነበር። እንዲፈራ ፈለግሁ። ከቁጥቋጦው የሚወጣውን እያየ፣ የሚሸሽበት አጥቶ፣ እኔ እንደፈራሁት እንዲፈራ ፈለግሁ። ትቼው ስሄድ አልጮኸም። የምመለስ መስሎት ነበር።

በገዳሙ ሰገድሁ። ቅዳሴ ቆሜ አስቀደስሁ። ጸበሉ ቀዝቃዛ ነበር። ውኃ በሌለበት ያሰርሁት ፍጡር ትዝ አለኝ፤ አስታውሼው ደግሜ ጠጣሁ።

ስንመለስ አያ ስንሻው ከሁላችን ቀድመው ወደ እጣን ለቃሚዎቹ ሰፈር ገሰገሱ።

"ሐሰን፣ እንዴት ነህ? ውሻዬስ?"

"የምን ውሻ አባቴ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "ሥላሴን! በእጁ ነው የሰጠሁት" አልሁ። ከሥላሴ ደጅ መመለሴ ነበር።

"ወላሂ አባቴ፣ ይህን ልጅ ዛሬ ገና ማየቴ ነው" አለ ሐሰን።

አያ ስንሻው ሁለታችንንም አዩን፤ እኔን አመኑ። አብሬያቸው ተሳልሜ የለ? "ሸጠኸው ነው?" ብለው ዱላቸውን አነሱበት። ሐሰን ከቆመበት አልተነቃነቀም። "ይምቱኝ ካሉ ይምቱኝ። ግን መጀመሪያ እንፈልገው" አለና ከፊት ከፊት ሄደ።

አብሬ ፈለግሁ። "ማንአለኝ! ማንአለኝ!" እያልሁ ከሁሉም አብልጬ ጮኽሁ። ሐሰን ወደ ሸለቆው ሲያዘነብል "እዚያ አይቻለሁ፣ ምንም የለም" ብዬ መለስሁት። ያኔ ድምፁ መጣ። ቀጭን፣ የደረቀ ጩኸት፣ ከሸለቆው።

"ስሙ! ውሻ ነው!" አለች ሲስተር።

አያ ስንሻው መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ጆሯቸው ደከም ያለ ነው። አፋቸው እንደ ሕፃን ተከፍቶ ነበር።

"ዝንጀሮ ነው አያ" አልሁ። "እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን?"

ድምፁ ደግሞ መጣ። ሽማግሌው ፊቴን አዩኝ፤ ሳይጠራጠሩ አዩኝ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። "እውነትህን ነው። ዝንጀሮ ነው" አሉና ጀርባቸውን ሰጡት።

በሕይወት ነበር። እየጠራን ነበር። እኔ ዝንጀሮ ነው አልሁ። ሰበብ ፈልጌ ተመልሼ ልፈታው አልችልም ነበር? እችል ነበር። ነገር ግን ቢፈታ ሰንሰለቱን እየጎተተ ወደ ጌታው ይሮጣል፤ ሐሰን እውነተኛ፣ እኔ ውሸታም እሆናለሁ። ስለዚህ ቢሞት ይሻለኝ ነበር። አስቤበት ነው የተውሁት። ለመልስ ጉዞ የተከራየነው፣ መንገድ ላይ የሚጠብቀን አይሱዙ መኪና ጡሩምባውን ሲነፋ፣ "አልሄድም" ያሉትን ሽማግሌ ደግፌ ያሳፈርኋቸው እኔ ነኝ።

ቆይቼ ብቻዬን ወደ ሸለቆው ሄድሁ። ሰንሰለቱ ዛፉ ላይ ነበር። ዛፉን ከመዞሩ ብዛት አፈሩ እንደ አውድማ ተለቅልቋል። አጥንቱን የወሰደው ምን እንደሆነ አላውቅም። ሰንሰለቱን ፈትቼ ገደል ወረወርሁት፤ ያን ቀንም ያሰብሁት ማስረጃ ስለማጥፋት ነበር።

አያ ስንሻው አገራቸው አልገቡም። አውቶቡስ ተራ ድረስ ይሄዱና ይመለሳሉ። እጣን ለቃሚ ባዩ ቁጥር ምራቃቸውን ይተፋሉ፤ ሐሰንም በካምፑ በኩል ማለፍ ትቷል። ባለፈው ክረምት ቡችላ ገዝቼ ወሰድሁላቸው። ጭኔ ላይ እንዳለ ራሱን ዳሰሱት፤ ግን አልተቀበሉኝም።

"ማንአለኝ ቢመለስና በቦታው ሌላ ቢያገኝ ይቀየመኛል" አሉ። "ወደ አገሬስ ያልሄድሁት ለምን ይመስልሃል? መጥቶ ቢያጣኝስ?" ከዚያ እጄን ያዙ። "አንተ ግን ያን ቀን ድምፅህ እስኪዘጋ ጠራኸው። እግዚአብሔር ይስጥህ።"

አሜን አልሁ። አፌን ከፍቼ አሜን አልሁ፤ ቡችላውን አቅፌ ወጣሁ።

ሁለት ቃል ነግሬያቸው ቢሆን በማግስቱ አውቶቡስ ይሳፈሩ ነበር። ዛሬም ይሳፈሩ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ እርሳቸው ካምፕ ድረስ የሚያደርሰኝ ባጃጅ በራፌ ላይ ቆሟል፤ እኔ ግን ለእናንተ እጽፋለሁ። ይቅር አትበሉኝ። ይቅር ካላችሁኝ ለእርሳቸው ሳልነግር እቀራለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።