የትራክተሯ ማሞቂያና የአማቼ ደብተር

አማቼ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ያረፈዱት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ባለቤቴ የተወለደች ዕለት፣ አራት ደቂቃ። ጡረታ ወጥተው እኛ ዘንድ ሲገቡ እጅና እግራቸውን አጣጥፈው መቀመጥ ስላልሆነላቸው ትንሿን ትራክተራችንን ተረከቡ። በረዶ በጣለ ቁጥር ከደጃችን እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ጠርገው፣ ነርስ የሆነችው ልጃቸው ሆስፒታል በሰዓቷ እንድትገባ ማድረግ የእሳቸው ሥራ ሆነ።

ትራክተሯ ደግሞ ብርድ አትወድም። ዘይቷ ይወፍራል፣ ባትሪዋ ይደክማል፣ ቁልፉን ሲያዞሩት ሁለቴ ታቃስትና ጭጭ ትላለች። ስለዚህ ሞተሯ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ አስገጠምንላት። ማታ ገመዱ ሶኬት ላይ ሲሰካ በላዩ ያለችው ቀይ መብራት ትበራለች፣ ሞተሩም ሞቆ ያድራል። ጋራዡ ውስጥ ግን ሶኬት አልነበረም። ዕድሜ ለእኔ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ምን ያደርግልናል ብዬ ከመብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ መስመር ስቤ በግማሽ ቀን ተከልኩላቸው። ሥራዬን ለማድነቅ ሁለት ቀን ተመላለስኩ።

የመጀመሪያው ወር ሰላም ነበር። አማቼ ማታ ይሰካሉ፤ ጠዋት ትራክተሯ ገና ቁልፉ ሲነካ ትነሳለች። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ የጋራዡን መብራት አብርተው ይተዉታል። ብርሃኑ በመኝታ ቤታችን መስኮት ገብቶ ዓይኔ ላይ ይጋደማል። እኔ ደግሞ ሽማግሌ የማላስቀይም ጨዋ ሰው ስለሆንኩ፣ ምንም ሳልናገር ከመተኛቴ በፊት ወጣ እያልኩ ማጥፋት ጀመርኩ።

በዚያው ሳምንት ትራክተሯ ሦስት ጠዋት አልነሳም አለች። ባለቤቴ ሦስቱንም ቀን በረዶውን እስከ ጉልበቷ እየረገጠች ዋናው መንገድ ድረስ በእግሯ ወጣች። አማቼ ማሞቂያውን ሰክቻለሁ ይላሉ፤ ሞተሩ ግን ሲነካ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። «ጠዋት ገብቼ ሳየው ገመዱ እንደተሰካ ነው» ሲሉን፣ «አሁን ሰክተውት ይሆናል» አልናቸው። ያልነው ስል፣ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጉዳዩን በእርጋታ የመረመርኩትም እኔው ነኝ። ለባለቤቴ ዕድሜ ነው፣ የማንም ዕጣ ነው ብዬ አስረዳኋት። ማስረጃ ስትጠይቀኝ አልቸገረኝም፤ መብራት ማጥፋት እንኳ የሚረሳ ሰው ማሞቂያ መሰካት አይረሳም ወይ አልኳት። እሷ አለቀሰች። እኔ እንደ ሐኪም ራሴን ነቀነቅኩ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ አማቼ የትራክተሯን ቁልፍ ከሳህኔ አጠገብ አኖሩት።

«ቀይዋን መብራት በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። «ግን ካልሰካሁ ያየሁትም አላየሁትም ማለት ነው። አንተ ያዘው፣ ልጄ።»

ዓይንም ይደክማል አባባ፣ ብዬ አጽናናኋቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ግቢ መውጣት ተዉ። መድኃኒቴን ውጫለሁ ወይ እያሉ ልጃቸውን ይጠይቁ ጀመር። ቤታችን ውስጥ ድምፃቸው እያነሰ ሄደ፤ እኔም ይህንን የመርሳት በሽታው ምልክት ነው ብዬ ያዝኩት።

እሑድ ማታ ተራው የእኔ ሆነ። ማሞቂያውን ሰካሁ፣ ቀይዋ ስትበራ አየሁ፣ መብራቱን እንደ ሥርዓተኛ ሰው አጥፍቼ ተኛሁ። ጠዋት በጨለማው ገብቼ ቁልፉን ሳዞር ትራክተሯ ሁለቴ አቃሰተችና ጭጭ አለች። ገመዱ ተሰክቷል፤ ቀይዋ ግን የለችም። ማሞቂያው ተቃጥሎ ይሆናል ብዬ ልመረምረው መብራቱን ሳበራ፣ ቀይዋም አብራ ቦግ አለች። አጠፋሁ፤ ጠፋች። አበራሁ፤ በራች። ስድስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ምናልባት በስድስተኛው ጥፋቱ ወደ ሌላ ሰው ይዞር እንደሆነ ብዬ። አልዞረም። ሶኬቱን ከማብሪያ ማጥፊያው ላይ የተከልኩት እኔ፣ ከመብራቱ ጋር በየማታው የገደልኩት እኔ።

ወደ ቤት ስገባ አማቼ መስኮት አጠገብ ቆመው በረዶውን ያያሉ። ጠረጴዛው ላይ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ይመዘግቡበት የነበረው ዓይነት ትንሽ ደብተር ተከፍቷል። የሰው ደብተር ማንበብ ነውር ነው፤ አነበብኩት። «ሰካሁ። ቀይዋ በራች። መብራቱን አብርቼ ወጣሁ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ጠዋት መብራቱ ጠፍቷል። አጥፍቼው ረስቼ ይሆን?» ይላል። ቀጣዩ ገጽ ላይ፣ ሲረሱን የሚያስታውሱበት መሆኑ ነው፣ የቤተሰቡ ዝርዝር በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ከእኔ ስም ጎን «የልጄ ባል። ደግ ሰው ነው» ይላል።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሶኬቱን፣ መስኮቱን፣ በየማታው ወጣ ማለቴን። ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

«ታዲያ አልረሳሁም?»

«አልረሱም፣ አባባ።»

«በልጄ ፊት ድገመው።»

ባለቤቴ ጫማዋን እያሰረች ነበር፤ በእሷ ፊት ደገምኩት። ማሰሯን ትታ አባቷን አቀፈቻቸው። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አማቼ መነጽራቸውን አደረጉና ደብተሩን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ደግ የሚለውን ይሰርዙታል ብዬ ጠበቅኩ፣ ይገባኝም ነበር። አልሰረዙትም። ከጎኑ፣ ቀስ ብለው፣ «መብራት ግን ያጠፋል» ብለው ጨመሩበት።