የታችኛው መንገድ ጠጠር

ሰው ሲደላው መከራ ያምረዋል። የሚጠራጠር ካለ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወይን እርሻዎቹ ወርዶ ይመልከት። ደጁ ድረስ አስፋልት የተነጠፈለት፣ መኪና ያለው፣ ጤናውም ኪሱም ደህና የሆነ ሰው ከከተማ ሳይክሉን ጭኖ ይመጣና፣ ጥብቅ ያለች ቁምጣ ለብሶ፣ ማሳን ከማሳ በሚያገናኘው ጠጠር መንገድ ላይ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይውላል። ለዚህም ከፍሎ ነው። ጠጠሩ በበዛ ቁጥር ደስታው ይጨምራል፤ ሲወድቅማ ፎቶ ይነሳል።

ለአስጎብኚ ድርጅት ተቀጥሮ ከእነዚህ ሰዎች ኋላ በፒክአፕ የሚከተል አንድ ሹፌር አለ። የደከመውን፣ ጎማው የፈነዳበትን፣ ወድቆ ክርኑ የተላጠውን ከነሳይክሉ አንስቶ ይጭናል። መንደርተኛው ሁሉ ወይን ለቃሚ ስለሆነ፣ እሱ ደግሞ ሰው ይለቅማል ብለው «ለቃሚው» የሚል ስም አወጡለት። ስሙን አልወደደውም፤ መንደር ያወጣው ስም ግን ባለቤቱ ስለጠላው አይፋቅም።

ይህ ሰው ድሮ «የታችኛው» በሚባለው በዚሁ መንገድ ላይ የወይን ጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ያን ጊዜ ጠጠሩን ሳይረግም የዋለበት ቀን የለም። የመኪናውን ባሌስትራ የሰበረበት፣ ወይኑን በሳጥኑ ውስጥ ጨፍልቆ የወይን ጠጅ መጥመቂያው በር ላይ ከተረካቢዎቹ ጋር ያጨቃጨቀው ይኸው ጠጠር ነው። አሁን ግን እንጀራው ጠጠሩ ሆነ። ስለዚህ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እንደኛ ጠጠር የትም አታገኙም!» እያለ እንግዶቹን ያበረታታል። ሆድ የማያስብለው ነገር የለም።

የጠጠሩን ነገር ከእሱ ይልቅ የምታውቀው ሚስቱ ነበረች። ባለፈው ዓመት የወይን ለቀማ ጊዜ፣ ሴቶቹን የሚያመላልሰው የትራክተር ተሳቢ ከመጥመቂያው በታች ባለው ኩርባ ላይ ዘሎ ሲያርፍ ወገቧ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ፍራሹን ለባሏ ትታ መሬት ላይ በተዘረጋ ሳንቃ ትተኛለች። ሐኪሙም «ሌላ እንዲህ ያለ ዝላይ ካገኘሽ፣ በእግርሽ መቆምሽን እኔ እንጃ» ብሏታል። ወይን ግን የሐኪም ምክር አይሰማም፤ ከበሰለ በሰለ ነው። ሌሎቹ ተሳቢው ላይ ሲሳፈሩ እሷ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ ትወጣለች። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ትራክተር ነጂው «ያዙ!» ብሎ ይጮሃል፤ ሴቶቹም የተሳቢውን ጠርዝ ጨምድደው ይይዛሉ። መንገዱ ላይ ያለው ብቸኛ የደህንነት ደንብ ይህ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እንግዳ ከነሳይክሏ እኩርባው ላይ ተዘርራ ተገኘች። እሷ ደም በነካው አፏ ትስቃለች፤ መንደሩ ግን በእፍረት ተሸማቀቀ።

«ሰው ከስንት አገር ሊጠይቀን መጥቶ በኛ ድንጋይ ይፈንከት?» አሉ የለቃሚው ሚስት አክስት፣ ከወይን ለቃሚዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት። «እንግዳ እየመጣ ደጅ አይጠረግም? ምን ዓይነት ነውር ነው!»

ሴቶቹ ከሥራ መልስ ወጥተው ጠጠሩን ለቅመው መንገድ ዳር ቆለሉት፤ ጉድጓዱን በአፈር፣ በአመድና ጭማቂው በወጣለት የወይን ልጣጭ ደለደሉት፤ ትራክተሩን አመላልሰው ጠቀጠቁት። ሰው ጠጠር ፍለጋ ይመጣል ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት በመንደሩ አልነበረም። ለቃሚው ብቻ ያውቃል። ቢሆንም አፉን ዘጋ፤ ምክንያቱም መንገዱ በተደለደለ ማግስት ሚስቱ ተሳቢው ላይ ተቀምጣ ሄዳ፣ ማታም እያንጎራጎረች ገባች። ካመማት ወዲህ ስታንጎራጉር ሰምቷት አያውቅም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሳይክለኞቹ ኩርባውን አንዴም ሳይንገጫገጩ አለፉና ቆሙ። ፊታቸው የተዘረፈ ሰው ፊት መሰለ።

«ይሄማ የከተማ መናፈሻ ነው» አለ አንዱ መነጽሩን እያወለቀ።

የአስጎብኚው ድርጅት ባለቤት፣ ገና ጢሙን በወጉ ያላበቀለ ወጣት፣ ለቃሚውን ጎትቶ ወደ ዳር አወጣው።

«ጋሼ፣ መንገዱን ምን አደረጋችሁት?»

«ጠረግነው።»

«ለምን?»

«ለእናንተ ብለን ነዋ!»

ወጣቱ ጭንቅላቱን ያዘ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ትልቅ ቡድን ይመጣል። ጠጠሩን መልስልኝ። አለበለዚያ ወደ ማዶው ሸለቆ እዞራለሁ። እዚያ ሹፌር አላጣም።»

«እሺ» አለ ለቃሚው። እቤቱ ውስጥ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ጣራ የሚነቅል ሰው፣ ለባዕድ ሲሆን እሺታው ከአፉ አይጠፋም። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ይሏል እሱን ነው።

ለሚስቱ ሊነግራት አሰበ። «ስሚ» ይላታል ጠዋት ጠዋት። «ምነው?» ስትለው «አይ፣ ምንም» ይላል። እስከ ዓርብ ድረስ «ምንም» እንዳለ ቆየ። ዓርብ ቀትር ላይ፣ መንደሩ በሙሉ ማሳ ውስጥ ሳለ፣ የተቆለለውን ጠጠር በፒክአፑ እየጫነ ወስዶ ኩርባው ላይ ገለበጠው። ከዚያም በአካፋ በተነው፤ ትልልቁን ወደ መሃል፣ ደቃቁን ወደ ዳር፣ ተፈጥሮ ራሷ የበተነችው እስኪመስል። ማታ ሲመለሱ ትራክተሩን ከኩርባው በፊት አስቁሞ «አንቺ እዚሁ ውረጂ» ሊላት አስቦ ነበር። አሳቢ ባል!

ላቡን እየጠረገ ሳለ የትራክተር ድምፅ ሰማ። ሰማዩ ስለጠቆረ ሥራው በጊዜ ተቋርጦ ኖሯል። ቀና ሲል ተሳቢው ቁልቁል እየመጣ ነው። ሚስቱ ዝላይ ከሁሉ በሚበረታበት በመጨረሻው ጠርዝ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣለች። አንድም የያዘ ሰው የለም። ነጂውም «ያዙ!» ማለቱን ከተወ ሰነበተ።

ለቃሚው አካፋውን ወርውሮ መሃል መንገድ ላይ ገባ። «ቁም! ቁም!» እያለ በጉልበቱ ተንበርክኮ ጠጠሩን በእጁ ይዝቅ ጀመር። ትራክተሩ አፍንጫው ስር ሲጥ ብሎ ቆመ።

ሴቶቹ ጠጠሩን ሊያነሳላቸው የወጣ መሰላቸው።

«ባል ማለት እንዲህ ነው!» አሉ አክስትየው። «ኧረ ውረዱና እናግዘው!»

ሁሉም ወርደው፣ እሱ ሲበትነው የዋለውን ጠጠር እየለቀሙ ያመሰግኑት ጀመር። በያንዳንዱ ምርቃት አንገቱ አንድ ጣት ዝቅ ይላል።

«ግን እኮ አጽድተነው ነበር» አለች አንዷ።

«ከላይ አገር ዘንቦ ጎርፍ ይሆናል ያመጣው» አለች ሌላዋ።

ሚስቱ የፒክአፑን ጭነት ማስቀመጫ አየች። በሩ ክፍት ነው፤ ወለሉ በድንጋይ ብናኝ ነጥቷል። ሆድ ከአገር ይሰፋል። ቀስ ብላ አጠገቡ ቆመችና ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «የዘንድሮ ጎርፍ በፒክአፕ ሆነ እንዴ የሚመጣው?» አለችው።

እቤት ሲገቡ ሳንቃውን በእግሯ ወደ እሱ ገፋችው።

«እስቲ ትንሽ ተጋደምበት።»

ተጋደመ። ሳንቃው ጀርባውን ቆረቆረው።

«አለቃው አዞኝ ነው» አለ ጣራ ጣራውን እያየ።

«አውቃለሁ። አንተ ለማን እምቢ ብለህ ታውቃለህ? ለኔ ብቻ እኮ ነው። በእግርሽ ሂጂ ብትለኝ እሄድ አልነበር?»

አፈረ። በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

በማግስቱ ወጣቱ ትልቁን ቡድን አስከትሎ መጣና ልሙጡን ኩርባ አየ።

«ጋሼ፣ ጠጠሩስ?»

«መልሼው ነበር።»

«ታዲያ የታለ?»

«መልሼ ለቀምኩት።»

«ለምን?»

«ሚስቴ የምታልፈው በዚህ ነው።»

ወጣቱ የቀረውን ምክንያት ለመስማት ጠበቀ። የቀረ ግን አልነበረም። ለቃሚው የፒክአፑን ቁልፍ አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ሳይክለኞቹም ወደ ማዶው ሸለቆ ዞሩ፤ እዚያ መንገዱ እጅግ ክፉ ነው አሉ፣ ተደስተዋል።

አሁን እሱም ከሴቶቹ ጋር ወይን ይለቅማል። እጁ ዘገምተኛ ነው፤ የሚቆርጠው ዘለላ ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል። አክስትየው ግን «ደግ አደረግህ ልጄ፣ በመጨረሻ ከስምህ ጋር ተስማማህ» ይሉታል። ማታ ሲመለሱ ሚስቱ ተሳቢው ላይ አጠገቡ ተቀምጣ፣ መንገዱ ሳይጋመስ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ትናንት ኩርባው ጋ ሲደርሱ ትራክተር ነጂው ለቀልድ «ያዙ!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ማንም አልያዘም።

እሱ ብቻ በአንድ እጁ ጠርዙን፣ በሌላው የሚስቱን ወገብ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ተሳቢው ሳይነቀነቅ አለፈ። እሷ አልነቃችም፤ እሱም ቤት እስኪደርሱ እጁን አላነሳም።