ክርስትና ስሙን ያልነገረኝ ሰው

ክርስትና ስም ለባዕድ አይነገርም። እኛ እንዲህ እየተባልን ነው ያደግነው፤ ስምህን ያገኘ መተተኛ ነፍስህን አገኘ ይባላል። በእግዚአብሔር አምነን ጠንቋይ እንፈራለን። ምን ዓይነት ክርስቲያኖች እንደሆንን እሱ ይወቀው።

ቆላ ውስጥ፣ ኮኪት ከተማ አጠገብ ባለው እርሻችን ሰሊጥ ሊያጭድ ከጎጃም የመጣ ሰው ነበር። የልጆች አባት ነው፤ ዝምተኛ። ረቡዕና ዓርብ ፀሐዩ አናት እየበሳ እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ባለቤቴ "ይኼን ሰውዬ ከሰሊጡ ይልቅ ጾሙ ይጥለዋል" እያለ ይቀልድበት ነበር።

የጣለው ግን ወባ ነው። የሰጠነውን መድኃኒት ሁሉ አስመለሰው። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ወደ ሐኪም የሚወስደው መኪና አጣን። ዳሱ ውስጥ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ሳብስለት እንደማይተርፍ ገባኝ። ቢሞት ቄሱ በምን ስም ይጸልዩለታል ብዬ ተጨነቅሁ።

"ወንድሜ፣ ክርስትና ስምህ ማን ነው?" አልኩት።

ዓይኑን ገልጦ አየኝ። "ያንችስ ማን ነው፣ እታለም?"

የሚሞት ሰው ስሜን ምን ሊያደርገው ነበር? ግን አፌ እምቢ አለኝ። እሱም ፈገግ እንደማለት ብሎ ፊቱን ወደ ዳሱ የሳር ግድግዳ አዞረ። ሳይመሽ ሞተ።

አብረውት ለአጨዳ የመጡት ጓደኞቹ የሚያውቁት የዓለም ስሙን ብቻ ነው። ወደ አገሩ እንዳንደውል እዚያ ስልክ ከተቋረጠ ቆይቷል። ፍትሐቱ ላይ ቄሱ ስም የሚጠራበት ቦታ ሲደርሱ ቆም ብለው ወደ እኛ ዞሩ። የመለሰላቸው የለም። "የፈጠረው ያውቀዋል" ብለው ቀጠሉ። እውነት ነው፣ ያውቀዋል። እኔን ግን አላጽናናኝም። ሰው አገር ሞቶ ስሙ እንኳ ሳይነሳለት ተቀበረ ብዬ አለቀስኩ። የገዛ ወንድሜ ሲሞትም እንደዚያ አላለቀስኩም።

ስሜን እንደከለከልኩት ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው።

"የፈራሽው ጠንቋዩን ነው ወይስ ሰውዬውን?" አሉኝ።

ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ። ልቤ ግን አላረፈም።

በአርባው ብቻዬን ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ሰሊጡ ታጭዶ አልቋል፤ ጓደኞቹም ወደየአገራቸው ተመልሰዋል። አፈሩ አጠገብ ተንበርክኬ የጠየቀኝን መለስኩለት፤ ክርስትና ስሜን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኩት። ከዚያ የእሱን ይነግረኝ ይመስል ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።